ሲጎትቱት የሚይዝ፣ ሲገፉት የሚጎብጥ

በጡረታዬ ቀን የመጨረሻው መሥሪያ ቤቴ ሰዎች አዳማ ውስጥ አንድ የሆቴል አዳራሽ ይዘው ሸኙኝ። ካባ አለበሱኝ፤ መስተዋት የተገጠመለት የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ከዚያ ዛሬ በወንበሬ ላይ የተቀመጠው፣ እኔው ራሴ የቀጠርኩት ሰው ማይክራፎን ጨብጦ፣ "ኢንጂነር ደረጀ በዚህ ሁሉ ዘመን የፈረሙበት አንድም ሥራ አልወደቀም" አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም ብድግ ብዬ እጅ ነሳሁ። ባለቤቴ ጠጋ ብላ "ምነው ፊትህ ጠቆረ?" አለችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት፤ አዳማ ላይ ሙቀት ለሁሉም ነገር ምክንያት ይሆናል።

ውሸት ነው። አንድ ሥራዬ ወድቋል፤ ሲወድቅም ሰው ገድሏል። ስሌቱ የእኔ ነበር፤ ፊርማውም የእኔ። የታሰረበት ግን ሌላ ሰው ነው። ይህን በመጻፌ ደፋር ነው የሚለኝ ሰው እንዳይኖር ከወዲሁ ልናገር፤ ነገሩ የሚመለከታቸው ሰዎች ሁሉ አልፈዋል ወይም የት እንዳሉ አይታወቅም። አሁን መናገር ምንም አያስፈራም። ድፍረት ቢኖረኝ ኖሮ ቢያንስ ማስፈራት ያቆመ ዕለት እናገር ነበር።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ባለው ሳምንት አንዲት ወጣት ኢንጂነር ኮምፒዩተሯ ላይ የአንድ መጋዘን ብረቶች ስታሰላ ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። ለእያንዳንዱ ብረት ሁለት ሣጥን ይመጣል። አንዱ ሲጎተት የሚችለው የመጨረሻ ኃይል፣ ሌላው ሲገፋ የሚችለው የመጨረሻ ኃይል ነው። ለቀጫጭኖቹ ዘንጎች በሁለተኛው ሣጥን ዜሮ ጻፈችና አንድ ቁልፍ ተጫነች። መልሱ ወዲያው መጣ።

"ስንት ዙር ዞረ?" አልኳት።

"የምን ዙር?" አለችኝ።

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ያቺን ዜሮ እኔ የተማርኳት ከአንድ ሰው ነው፤ የካድኳትም በእሱ ላይ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በምደባ ናዝሬት የደረስኩት በሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። መሥሪያ ቤታችን የመንግሥት የግንባታ ድርጅት ነበር፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ አሁን የለም። ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ፣ ቀን ቀን እንደ ምጣድ የሚግል የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ነው። ደሞዜ፣ ለልዩ ልዩ ጥሪ የሚቆረጠው ከተቆረጠ በኋላ፣ ለአንድ ወንደላጤ ይበቃ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ውይይት ክበብ አለ። ቅጽ በሦስት ኮፒ ይሞላል። ይህን ሁሉ ያ ዘመን የደረሰበት ሰው ያውቀዋል።

የስሌት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ለሜሳ ነበሩ። ወለጋ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ተነስተው፣ ከመንገድ ሥራ ጀምረው፣ ማታ ማታ ተምረው መሐንዲስ የሆኑ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት እንኳ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ። ሁሉም ሰው "ጓድ" ይባል በነበረበት ጊዜ እሳቸውን ጓድ ማለት ለማንም አልሆን ብሎት ጋሽ ለሜሳ እንደተባሉ ቀሩ።

በመጀመሪያው ሳምንት እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ ክንድ ከስንዝር የሚሆን የብረት ዘንግ አምጥተው አንዱን ጫፍ ከመስኮቱ ፍርግርግ ጋር አሰሩ።

"ጎትተው" አሉኝ።

በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት። ንቅንቅ አላለም።

"አሁን ፈተህ ግድግዳው ላይ ግፋው።"

ስገፋው ወዲያው መሃሉ ጎበጠ፤ እጄ ግድግዳውን ሊመታ ምንም አልቀረውም።

"እንግዲህ የዚህ ሰውዬ ጉልበት ስንት ነው?"

"ሲጎተት ወይስ ሲገፋ?" አልኩ።

"እንደሱ ጠይቅ። በየቀኑ፣ ለያንዳንዱ ብረት እንደሱ ጠይቅ። ዩኒቨርሲቲ የሰጠህ ቀመር ብረት ሁሉ በሁለቱም በኩል እኩል ጉልበት አለው ብሎ የሚያምን የዋህ ነው" አሉኝ።

ብረቶችን "ሰውዬ" እያሉ ነው የሚጠሩት። የስሌት ዘዴያቸው ይህ ነበር። መጀመሪያ ብረቶቹ ሁሉ እንደሚሠሩ ቆጥረው ያሰላሉ። ይህ አንደኛ ዙር ነው። ከዚያ ቀዩን እርሳስ ያነሱና የሚገፉትን ቀጫጭን ዘንጎች አንድ በአንድ ሰርዘው ጎናቸው "እምቢ ብሏል" ብለው ይጽፋሉ። እምቢ ያለው ሰውዬ ሸክሙን ለቀሩት ጥሎ ስለሚሄድ ስሌቱ እንደገና ከሀ ይጀመራል። በሁለተኛው ዙር ደግሞ ሌላው ይለወጣል። አንዳንዱ ብረት ወፈር ያለ ከሆነ ትንሽ ግፊት ይችላል፣ ከልኩ ሲያልፍ ግን ይጎብጣል። እሱን አይሰርዙትም፤ የሚችለውን ያህል ብቻ ሰጥተው ትርፉን ለጎረቤቶቹ ያካፍላሉ። እንዲህ እያሉ ማንም ቦታውን እስከማይለውጥ ድረስ ይዞራሉ። ይህን ሁሉ ስላይድ ሩል በሚባለው ተንሸራታች የስሌት ማስመሪያና በእርሳስ። መልካሳ አካባቢ ላለ አንድ የእህል መጋዘን ጣሪያ ዘጠኝ ዙር አሰርተውኛል። በስምንተኛው ላይ "ጋሼ፣ ይበቃል፤ ለውጡ ከቁጥር አይገባም" ስላቸው፣ "አንገት የተሠራው ዞሮ ለማየት ነው" ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። በዘጠነኛው ዙር ምንም አልተለወጠም። ያኔ ብቻ ሻይ አዘዙ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ባሰሉበት ቀን አይፈርሙም። በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ይዘው በረንዳው ላይ እየተንጎራደዱ ቁጥሮቹን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ የግቢው ዘበኛ ጸሎት ይመስለው ነበርና ባርኔጣውን ያወልቃል። አንድ ቁጥር አንደበታቸው ላይ ከከበዳቸው ይመለሱና ያንን ገጽ ከመጀመሪያው ያሰላሉ። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው፣ "ዐይን ለራሱ ያዳላል" አሉኝ።

ሦስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። አሰላ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ፣ በአሮጌ ላንድሮቨር ያልዞርንበት የለም። የማውቀውን ሁሉ ከእሳቸው ተማርኩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አባቴን እንኳ እንደሳቸው አልፈራሁም።

መቂ አጠገብ ለአንድ አዲስ የእርሻ ሠፈር የውሃ ማማ እንድንሠራ ታዘዝን። አራት የብረት እግር፣ ከላይ ታንከር፣ በእግሮቹ መካከል በየወለሉ በመስቀል የተጠላለፉ ዘንጎች። የዘንጎቹ ሥራ ማማውን ከነፋስ መጠበቅ ነው። ነፋስ ከአንድ ወገን ሲመጣ በእያንዳንዱ መስቀል ላይ አንደኛው ዘንግ ይወጠራል፣ ሌላኛው ይገፋል። የሚገፋው ቀጭን ስለሆነ እምቢ ይላል። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ በአንዱ ላይ ይወድቃል። ጋሽ ለሜሳ ይህን አስልተው የዘንጎቹን ውፍረት ሃያ ሚሊ ሜትር አሉ። በማግስቱ በረንዳው ላይ አንብበው ፈረሙ።

እግሮቹ ቆመው ዘንጎቹ በሚጠበቁበት ወር ጋሽ ለሜሳ ታሰሩ። ወንጀላቸው ቤታቸው ውስጥ እሑድ እሑድ ሰው ሰብስበው መጸለያቸው ነው። "የመጤ ሃይማኖት ተከታይ" ይባል ነበር ያኔ። እኔም ከአማኝ ቤተሰብ ነው የተወለድኩት፤ እዚያ ቤት ብዙ እሑድ ዘምሬያለሁ። በተያዙበት እሑድ ግን ለሥራ ዝዋይ ነበርኩ። ማን ማን ይመጣ እንደነበር ሲጠየቁ ስሜን አልተናገሩም። ይህን ያወቅሁት ማንም ሊወስደኝ ስላልመጣ ነው።

ዘንጎቹ መጡ። አሥራ አራት ሚሊ ናቸው። ሃያው በአገር ውስጥ የለም ተባለ።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ጓድ ታምራት ይባል ነበር፤ ከትምህርት ቤት መምህርነት ወደ ካድሬነት ያደገ፣ ሲናገር ጠረጴዛውን በጣቱ የሚመታ ሰው። ማማው ለአብዮት በዓል እንደሚመረቅ ለበላይ ቃል ገብቷል። አስጠራኝ።

"በአሥራ አራት ይሠራል አይሠራም?"

"አይሠራም" አልኩ። "የሚሸከመው አንዱ ዘንግ ብቻ ስለሆነ።"

"እንዴት አንድ? እኔ ስዕሉ ላይ የማየው ሁለት ነው።"

"ሁለተኛው ሲገፋ ይጎብጣል፤ አይቆጠርም።"

ሳቀ። "በሶሻሊስት ኢትዮጵያ ሥራ ፈት የለም፣ ጓድ ደረጀ። ሕዝቡ ሁለት ብረት አቅርቦ አንተ አንዱን ሥራ ፈት የምታደርገው በማን ሥልጣን ነው? ይሄ የለሜሳ ትምህርት ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የለሜሳን ቤት አንተም ታውቀዋለህ አይደል? እኔ እንግዲህ እስካሁን አታውቀውም ብዬ ነው የያዝኩት።"

ወደ ክፍሌ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አሁን የምናገረውን የሚረዳው የሙያ ሰው ብቻ አይደለምና ልብ በሉልኝ። የአሥራ አራት ሚሊ ዘንግ ሲቆረጥ የሚታየው የፊቱ ስፋት ሲሰላ የሃያው ግማሽ ነው፤ ልክ ግማሽ ሊባል ትንሽ ቢቀረው ነው። ሁለቱን ዘንጎች ብቆጥር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ኃይልም ግማሽ ነው። ሰይጣን እንኳ ከዚህ የተስተካከለ ቁጥር አያመጣም። አንደኛውን ዙር ብቻ አሰልቼ ብቆም ሁሉም ነገር ይገጥማል። አንደኛውን ዙር አሰላሁ። ቀዩ እርሳስ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አላነሳሁትም። የለውጡን ማስታወሻ በአንድ ገጽ ጽፌ በዚያው ቀን ፈረምኩ። አለማወቅ አልነበረም። ዘጠኝ ዙር የዞረ ሰው አላውቅም ሊል አይችልም። ለራሴ የነገርኩት ግን፣ በሙያችን ለክፉ ቀን የሚተው ትርፍ ጥንካሬ አለ፣ እሱ ይይዘዋል ብዬ ነው። አልያዘውም። እጥፍ ሸክም ሲመጣ ያ ትርፍ ያልቃል፤ ይህንንም አውቅ ነበር።

ግንባታው ቦታ ላይ የሠራተኞቹ አለቃ፣ በእኛ አጠራር ካፖው፣ ሁሴን ነበር፤ የአርሲ ሰው፣ ብረት በእጁ መዝኖ ውፍረቱን የሚናገር። ላንድሮቨሩ ገና ሳይቆም መጣ።

"አካም ጅርታ፣ ኢንጂነር" አለና አንዱን ዘንግ አንስቶ አሳየኝ። "ይሄ ቀጭን አይደለም ወይ? ጋሽ ለሜሳ ሃያ ብለው ነበር እኮ።"

"ተሰልቷል" አልኩት።

"ከተሰላ እሺ" ብሎ ሄደ። ያቺን ቃል እንደ ማኅተም ነበር የሚቀበላት። ጋሽ ለሜሳ ተሰልቷል ካሉ ተሰልቷል ማለት ስለሆነ ማለቴ ነው።

ማማው ተጠናቀቀ፣ ቀይ ቀለም ተቀባ፣ መፈክር ተሰቀለበት። ከምረቃው በፊት ባለው ሳምንት ታንከሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሞልተን ልንፈትሽ ሄድን። ጠዋት መሙላት ጀመርን። ሲሞላ ከቀትር በኋላ ሆነ፤ ከሐይቁ በኩል ነፋስ የሚነሳበት ሰዓት ነው፣ መቂ የኖረ ሰው ያውቀዋል። በዳሶ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ መሰላሉ ላይ ወጥቶ የሚያፈስ መገጣጠሚያ እየፈለገ ነበር። የሠፈሩ ሰው ከሩቅ ቆሞ ያያል።

ነፋሱ በረታ። እኔ የታችኛውን መስቀል እያየሁ ነበር። የሚገፋው ዘንግ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ጎበጠ፣ እንደ ደጋን። ወዲያው በደንብ ገባኝ።  የተወጠረው ዘንግ መለጠጥ ሲጀምር ከቀለሙ ላይ ቅርፊት ይረግፍ ነበር።

"በዳሶ፣ ውረድ" ብዬ ጮህኩ። ነፋሱ ድምፄን ወሰደው። በዳሶ ወደ እኔ ዞሮ እጁን አውለበለበልኝ፤ "ምንም አያፈስም" ማለቱ ነበር።

ማማው የወደቀው ቀስ ብሎ ነው። ሰዎች ነጎድጓድ ይመስል ነበር ይላሉ። እኔ የማስታውሰው ከወደቀ በኋላ የነበረውን የውሃውን ድምፅ ብቻ ነው። በዳሶን ያወጣነው ከብረቱ ሥር፣ ከጭቃ ውስጥ ነው። ሁሴን ፊቱን በሸሚዙ ጠረገለት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና "ተሰልቷል ብለኸኝ ነበር" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። በወሩ ዝውውር ጠይቆ ወደ ባሌ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

ለቅሶ ሄድኩ። የበዳሶ አባት "ኢንጂነሩ ራሱ መጣ" ብለው ከሽማግሌዎቹ መሃል አስቀመጡኝ። ወተት አቀረቡልኝ። ጠጣሁት።

ሦስት ሰዎች ለምርመራ መጡ። ከመምጣታቸው በፊት ጓድ ታምራት የፈረምኩባትን ማስታወሻ ከፋይሉ አውጥቶ በእጄ ሰጠኝ። "አንድ ገጽ ናት" አለኝ፤ "ለእኔም ለአንተም አትጠቅምም።" ከቢሮው ጀርባ፣ የተጠራቀመ ቅጠል በሚቃጠልበት ጉድጓድ አቃጠልኳት። ብረቱ ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት ተቆራርጦ ለሌላ ሥራ ተጭኗል። መርማሪዎቹ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው።

"የዚህ ማማ ስሌት የማን ነው?"

"ስዕሉ ላይ የፈረሙት ጋሽ ለሜሳ ናቸው" አልኩ።

እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገርኳቸው ውሸቶች ሁሉ እንደዚህች እውነት አይከብዱኝም። የጋሽ ለሜሳ ክስ ጸሎት ብቻ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ወራት ይፈቱ ነበር፤ አብረዋቸው የተያዙት ተፈትተዋል። በእሳቸው ላይ "የኢኮኖሚ አሻጥር" ተጨመረ። ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ወጡ። በዚያን ጊዜ እኔ በወንበራቸው ላይ ተቀምጫለሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ለእኔ ሹመት ሆኖልኛል።

ሲፈቱ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ልል ሄድኩ። ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። ባለቤታቸው እትዬ ጸሐይ ስንቅ ሲያመላልሱ ከርመው ከስተዋል። ጋሽ ለሜሳ አቅፈው ሳሙኝ፤ ጥርሳቸው ተነቃቅሏል፣ ሸሚዛቸው ግን እስከ አንገት ተቆልፏል። ወደ ጓሮ ይዘውኝ ወጡ።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አሉ። "ብረቱ ሃያ ነበር?"

ለመርማሪዎቹ ይህን ጥያቄ ደጋግመው አቅርበው ነበር፤ "አንተ መላሽ ነህ እንጂ ጠያቂ አይደለህም" ብለዋቸዋል። ስለዚህ ሦስት ዓመት የጠበቁት እኔን ነው። ጓድ ታምራት ገና በሥልጣኑ ላይ ነበር። ይህን የምለው ለማመካኛ ነው፤ ያን ሰዓት ግን የፈራሁት ታምራትን አልነበረም። ፊታቸውን ነው የፈራሁት።

"ሃያ ነበር፣ ጋሼ" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው ስህተቱ ከእኔ ነው" አሉ። "ሰውዬውን የገደልኩት እኔ ነኝ።"

ከዚያ ወዲህ አንድም ወረቀት አልፈረሙም። ትልልቅ ተቋራጮች ለምነዋቸዋል፣ እኔ ራሴ ወደ መሥሪያ ቤት እንዲመለሱ ጠይቄያቸዋለሁ። እምቢ አሉ። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ጣውላ ቤት ገብተው ጣውላ ይለኩ ጀመር። ያ እጅ፣ ያ ጭንቅላት፣ የሞራሌ እንጨት ልክ እየነገረ ደንበኛ ሲያስተናግድ ማየት ያማል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ጥግ ይዘው በተማሪ ደብተር ያንን ማማ እንደገና ያሰሉታል። አልፌ ስሄድ ይጠሩኛል። "ደረጀ፣ ና እስቲ፤ የመሠረቱ አንዱ እግር ትንሽ ሰምጦ ቢሆንስ?" ይሉኛል። ሌላ ቀን ደግሞ "የታንከሩ ውሃ ቢወዛወዝስ?" እኔም ጎንበስ ብዬ እያየሁ "እንዲያም ሊሆን ይችላል፣ ጋሼ" እላለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ከአንድ ውሸት ወደ ሌላው ስሻገር እግሬ አልከበደኝም።

መንግሥት ተለወጠ። ጓድ ታምራት በዚያው ሰሞን ከከተማው ጠፋ። የሚያስፈራኝ ሰው አልቀረም። በዚያ ሳምንት እነግራቸዋለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ዓመትም እነግራቸዋለሁ አልኩ። ግን ምን ብዬ ልጀምር? ለማማው ብቻ ሳይሆን ለእነዚያ ደብተሮችም መልስ መስጠት ነበረብኝ። ውሸት ሲያረጅ እንደ ቤት ነው፤ ሰው ይኖርበታል።

በመጨረሻ ታመሙ። አስጠሩኝና አልጋቸው ሥር የነበሩትን ደብተሮች በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው ሰጡኝ። አሥራ አንድ ነበሩ።

"ዐይኔ ደከመ" አሉ። "የራሴን ስህተት ራሴ ማየት አልቻልኩም። ዐይን ለራሱ ያዳላል። አንተ ፈልግልኝ።"

ዕረፍት ወስጄ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኳቸው። ነፋሱን በስምንት አቅጣጫ አዙረውታል። ታንከሩን ባዶ፣ ግማሽ፣ ሙሉ አድርገው አስልተዋል። እያንዳንዱን ዘንግ በየተራ አውጥተው፣ ለእያንዳንዱ ልኩን ሰጥተው፣ አንዳንዱን አሥራ ሁለት ዙር ዞረውታል። የመሬት መንቀጥቀጥ አለ። የብየዳ ጉድለት አለ። አንዲት የመደመር ስህተት እንኳ አላገኘሁም። በየገጹ አናት ላይ፣ አንዴም ሳይጠረጠር፣ "የዘንግ ውፍረት 20" ተብሎ ተጽፏል። ያን ቁጥር የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሰው ከሚያምነው ሰው የተቀበለውን ቁጥር መልሶ አይፈትሽም፤ በዘመናቸው ሁሉ ሳይፈትሹ ያለፉት ቁጥር እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ልነግራቸው ቆርጬ ሄድኩ። እውነቴን ነው፣ በዚያን ቀን ቆርጬ ነበር። አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩና ከቀላሉ ልጀምር ብዬ፣ "ጋሼ፣ ስሌቱ ውስጥ ምንም ስህተት የለም" አልኳቸው።

ዐይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ተማሪያቸው ሰንፎ ሲመጣ የሚያዩት አስተያየት ነው።

"እንደሱ አትበለኝ" አሉ። "ሰው ሞቷል እኮ። ሰው ከሞተ ስህተት አለ ማለት ነው። ሳታገኘው ቀርተህ ነው። ደግመህ እይልኝ።"

አፌን ከፍቼ ነበር።

"እሺ ጋሼ፣ ደግሜ አያለሁ" አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት አረፉ። በመዝሙር ቀበርናቸው፤ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከቀብር መልስ እትዬ ጸሐይ ከሴቶቹ መሃል ተነስተው ወደ ተቀመጥኩበት መጡ።

"ደረጀ፣ ያ ስህተት ተገኘ እንዴ?" አሉኝ። "እስከ መጨረሻዋ ቀን 'ደረጀ እያየልኝ ነው' ይለኝ ነበር። ተገኝቶ ከሆነ ንገረኝ፤ ባይገባኝም ልስማው።"

"አልተገኘም፣ እትዬ" አልኳቸው።

"እንግዲህ ምን ይደረጋል" አሉና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "አንተ ግን እስከ መጨረሻው አልተውከውም። እግዚአብሔር ይባርክህ።"